የሟች ምስጢር የማን ነው?

ነገሩ የሆነው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ኢኮኖሚክስ ተመርቄ ሥራ ፍለጋ ላይ ነበርኩ። ቀን ቀን ሲቪ ሳስገባ እውልና ማታ ማታ የቴሌግራም ቻናሌ ላይ ተጥጄ አመሻለሁ። የሰፈር ወሬ፣ የከተማ ወሬ፣ የሰማሁትን ሁሉ እለጥፍበታለሁ። ተከታዮቼ ያን ያህል ብዙ አልነበሩም፤ ግን በየቀኑ ይጨምሩ ነበር። ቁጥር ሲጨምር ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ደስ ይላል።

አንድ ቀን በሰፈራችን በጣም የሚታወቁ አንድ አባት አረፉ። የቀብራቸው ዕለት ማታ አንድ የማላውቀው ሰው በውስጥ መስመር ፎቶ ላከልኝ። የሐኪም ቤት ወረቀት ነው። ሰውየው ለዓመታት ኤች አይ ቪ በደማቸው ውስጥ እንደነበረና መድኃኒት ይወስዱ እንደነበር ይናገራል። ደንገጥ አልኩ። ከዚያ አጣራሁ። ወረቀቱ እውነተኛ ነው። «እውነት ነው አይደል? እውነትን መደበቅ ደግሞ ሥራዬ አይደለም» ብዬ ራሴን አሳመንኩና ለጠፍኩት።

ጠዋት ስነቃ ከሠላሳ ሺሕ በላይ ሰው አይቶታል። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ቁጥር አይቼ አላውቅም ነበር። ከመልእክቶቹ መሀል ግን አንዱ የልጃቸው ነበር። እንዲህ ይላል፦

«ወንድሜ፣ እኛ አባታችንን የቀበርነው አንድ ጊዜ ነው። አንተ ማታ ድጋሚ ቀበርክብን። እናቴ ድንኳኑ ውስጥ ቀና ብላ ሰው ማየት አቅቷታል።»

ፖስቱን አጠፋሁት። ግን ስክሪንሾቱ ቀድሞኝ ሄዶ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ አብሮኝ አለ። የጻፍኩት ውሸት አልነበረም። ታዲያ ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ስፈልግ ነው የዶክተር ቪን ታሪክ ያገኘሁት። ታሪኩ የአሜሪካ ነው፤ የተነሳውም በጎልፍ ዱላ ነው። የሞተ ሰው ምስጢር ባለቤቱ ማን እንደሆነ ግን ከዚህ ታሪክ የተሻለ ያሳየኝ የለም።

የጎልፍ ዱላውና ፈጣሪዋ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 2014 «ግራንትላንድ» የተባለ ድረ ገጽ አንድ ረጅም ጽሑፍ አወጣ። ግራንትላንድ የግዙፉ የስፖርት ሚዲያ የኢኤስፒኤን ንብረት ሲሆን በጥሩ አጻጻፉ የተከበረ ገጽ ነበር። የጽሑፉ ባለቤት ኬሌብ ሃናን የሚባል ወጣት ጋዜጠኛ ነው።

ሃናን መጀመሪያ የሳበው አንድ ፑተር ነበር። ፑተር በጎልፍ ጨዋታ ኳሷን ወደ ጉድጓዷ ለማንከባለል የሚያገለግለው ዱላ ነው። ይሄኛው ቅርጹ ከሌሎቹ ለየት ያለ፣ ሳይንስ አለበት የተባለለት፣ አንድ ታዋቂ የጎልፍ ተንታኝም ያደነቀው ነበር። የሠሩት ዶክተር ኤሴይ አን ቫንደርቢልት ይባላሉ፤ በአጭሩ ዶክተር ቪ። ስለራሳቸው ሲናገሩ ኤምአይቲ በሚባለው ዝነኛ የቴክኖሎጂ ተቋም እንደተማሩና ከራዳር በሚሰወረው የጦር አውሮፕላን ላይ እንደሠሩ ይገልጹ ነበር።

ዶክተር ቪ ጋዜጠኛውን ለማነጋገር ፈቃደኛ የሆኑት በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው። ጽሑፉ ስለ ሳይንሱ እንጂ ስለ ሳይንቲስቷ እንዳይሆን።

ሃናን ግን የሰሙትን ያጣራ ጀመር። ጋዜጠኛ ነውና ሥራው ነው። ኤምአይቲ የሚባለው ውሸት ሆኖ ተገኘ። የጦር አውሮፕላኑም ታሪክ እንደዚያው። በዚያ መሀል ሌላ ነገር ላይ ወደቀ። ዶክተር ቪ ትራንስጀንደር ነበሩ። ሲወለዱ ወንድ ተብለው ተመዝግበው፣ ኋላ በሴትነት የሚኖሩ ሰው ማለት ነው።

እዚህ ጋ ልብ በሉልኝ። ሃናን ይህን መረጃ ለራሱ አልያዘውም። በዶክተር ቪ ኩባንያ ላይ ገንዘብ ላፈሰሰ አንድ ባለሀብት ነገረው። ጽሑፉ ገና ሳይወጣ፣ ዶክተር ቪ በሕይወት እያሉ።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2013 ዶክተር ቪ ራሳቸውን አጠፉ። ሰው ለምን እንዲህ ያደርጋል የሚለውን በአንድ ምክንያት መጨረስ አይቻልም፤ እኔም ገዳዩ ጋዜጠኛው ነው አልልም። ነገር ግን ከሦስት ወር በኋላ ጽሑፉ ወጣ። የትምህርቱም ውሸት፣ የጾታ ማንነታቸውም ጉዳይ፣ ሲወለዱ የወጣላቸው ስም ጭምር ተጽፎ። ያንን ስም እዚህ አልደግመውም። ጽሑፉ ሲጀምር ዶክተር ቪን በሴትነት ይጠራና ወደ ኋላ አካባቢ ወደ ወንድ አጠራር ይቀየራል። ማንነታቸው የትረካው ማጠንጠኛ፣ አንባቢን የሚያስደነግጥ ጉድ ተደርጎ ቀረበ። ሞታቸውም የዚያ ታሪክ መደምደሚያ ሆነ።

መጀመሪያ ላይ ምን ሆነ መሰላችሁ? ጭብጨባ። ትዊተር ላይ ብዙ ሰው፣ ጋዜጠኞችም ጭምር፣ «ምን ዓይነት ጽሑፍ ነው!» እያለ ተቀባበለው። ቀኖች አለፍ ሲሉ ነው ሌላ ጥያቄ የመጣው። ይሄ ሰው ሞቷል፤ ታዲያ እናንተ ምን እያደረጋችሁ ነው?

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20 የገጹ ዋና አዘጋጅ ቢል ሲመንስ ረጅም የይቅርታ ደብዳቤ ጻፈ። ጥፋቱ የጋዜጠኛው ብቻ ሳይሆን የአዘጋጆቹም፣ በተለይም የራሱ እንደሆነ አመነ። በዚያ ደብዳቤ ውስጥ ያለ አንድ ቁጥር ከአእምሮዬ አይጠፋም። ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት ከ13 እስከ 15 የሚሆኑ ሰዎች አንብበውታል። ሁሉም የተማሩ፣ ልምድ ያላቸው። ከመሀላቸው ግን አንድም ትራንስጀንደር ሰው አልነበረም፤ ስለ ጉዳዩ የሚያውቅ ሰውም አላማከሩም።

በዚያው ቀን እዚያው ገጽ ላይ ክርስቲና ካርል የተባለች የኢኤስፒኤን የቤዝቦል ጸሐፊ፣ ራሷም ትራንስጀንደር የሆነች፣ የራሷን ትችት አወጣች። ነጥቧ ግልጽ ነበር። የዶክተር ቪን ማንነት ለዓለም መንገር የግራንትላንድ ሥራ አልነበረም። ለባለሀብቱ መናገሩ ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው።

ሁለት እውነቶች፣ ሁለት ቦታ

እንግዲህ በጾታ ማንነት ጉዳይ ላይ ሁላችንም የየራሳችን እምነት አለን። በአገራችንም ሃይማኖቱም ባህሉም ሕጉም የሚለው አለ። ይህ ጽሑፍ ግን ስለ እምነታችን አይደለም። ጥያቄው አንድ ነው። አንድ ሰው በሕይወት ሳለ ዘግቶት የኖረውን በር፣ ሲሞት የመክፈት መብት ያለው ማን ነው?

የዶክተር ቪን ታሪክ ቀስ ብለን ስንፈታው ሁለት የተለያዩ እውነቶች እናገኛለን።

አንደኛው የትምህርት ማስረጃው ነው። ዶክተር ቪ ዕቃ ይሸጡ ነበር። ሰው ያንን ዱላ የሚገዛው «ኤምአይቲ የተማረ ሳይንቲስት ሠራው» በሚል እምነት ነው። ባለሀብቱም ገንዘቡን ያፈሰሰው በዚያው እምነት ነው። ስለዚህ ማስረጃው ውሸት መሆኑ ከገዢው ኪስ ጋር ይገናኛል። ሕዝብ ሊያውቀው ይገባል። ሃናን እዚህ ላይ ሥራውን ሠርቷል።

ሁለተኛው የጾታ ማንነታቸው ነው። ይህ ከዱላው ጋር ምን ያገናኘዋል? ኳሷ ቀጥ ብላ ትሄዳለች ወይስ ትዞራለች የሚለውን አይለውጥም። የባለሀብቱንም ገንዘብ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ጽሑፉ ግን ሁለቱን አንድ ላይ ሰፋቸው። አንባቢው «በትምህርቷ ዋሸች» ከሚለው ወደ «በማንነቷም ዋሸች» እንዲሻገር መንገድ አበጀለት። ስለ ራስ ዝም ማለት ከማጭበርበር ጋር በአንድ ሚዛን ተቀመጠ።

የእኔም ጥፋት እዚህ ጋ ነው። የሰፈራችን አባት ደም ውስጥ የነበረው ለማንም አንባቢ የሚጠቅም ነገር አልነበረም። ሐኪም አልነበሩም፤ ሥልጣን ላይ አልነበሩም፤ ስለ ጤናቸው ለሕዝብ የዋሹት ነገርም የለም። እኔ «እውነት ነው» ብዬ ቆምኩ። መቀጠል ነበረብኝ። እውነት ነው፤ ግን ለማን? ለምን?

የአሜሪካ ሙያዊ ጋዜጠኞች ማኅበር የሥነ ምግባር መመሪያ እውነትን ፈልጎ መዘገብን ከመርሆቹ አንዱ ያደርጋል። ከጎኑ ግን ጉዳትን መቀነስ የሚል ሌላ መርህ አለ። መረጃን በሕጋዊ መንገድ ማግኘት ማለት ለማውጣት የሥነ ምግባር ምክንያት አለኝ ማለት እንዳልሆነም ያሳስባል። ተራ ሰዎች ደግሞ ከባለሥልጣናትና ከዝነኞች ይልቅ ስለራሳቸው የሚወጣውን መረጃ የመቆጣጠር ሰፊ መብት እንዳላቸው ይናገራል።

ሒሳቡን የሚከፍለው ሌላ ነው

አንዴ ኢኮኖሚክስ ተምሬያለሁና ትንሽ ታገሡኝ። ክፍል ውስጥ ኤክስተርናሊቲ የሚባል ነገር ያስተምሩናል። ወንዝ ዳር አንድ የቆዳ ፋብሪካ አለ እንበል። ቆዳውን አልፍቶ ይሸጣል፤ ያተርፋል። ገዢውም ጫማውን አድርጎ ይሄዳል። ሁለቱም ደስተኞች ናቸው። ቆሻሻው ግን ወንዙ ውስጥ ገብቶ ታች ያለውን የገበሬ ማሳ ያበላሻል። ገበሬው በሽያጩ ውስጥ የለበትም፤ ሒሳቡን የሚከፍለው ግን እሱ ነው።

የሟች ምስጢር ገበያም እንደዚሁ ነው። ለጣፊው እይታ ያገኛል። አንባቢው ጉድ ሰምቶ ይደመማል። ሁለቱም በነፃ የተገበያዩ ይመስላቸዋል። ወጪው የሚወርደው ድንኳን ውስጥ ቀና ማለት ላቃታት እናት ነው፤ ትምህርት ቤት ሲሄድ ለሚጠቋቆሙበት ልጅ ነው። ደግሞም ሌላ ሰው አለ። ያንኑ ዓይነት ምስጢር ይዞ ዛሬ በሕይወት ያለ፣ ፖስቱን በስልኩ አይቶ «እኔም ስሞት እንዲህ ያደርጉኛል» ብሎ የሚያስብ ሰው። እኔ ያንን ወረቀት ስለጥፍ መድኃኒቱን ተደብቆ የሚወስድ ስንት ሰው አይቶት ይሆን? እሱን ሳስብ ነው በጣም የሚከብደኝ።

ሟቹ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው፤ መልስ መስጠት አይችልም። በሕይወት ያለ ሰው ቢጻፍበት ማስተባበያ ያወጣል፣ ይከሳል፣ ወይም «አዎ፣ ምን ይጠበስ» ይላል። ሟች ይህ ሁሉ የለውም።

ሕጉስ? የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ስም ማጥፋት የሚናገርበት አንቀጽ 2044 የሚጠብቀው በሕይወት ያለን ሰው ነው። በአሜሪካም በእንግሊዝም ቢሆን የሞተ ሰው ስሜ ጠፋ ብሎ አይከስም። ስለዚህ ሟችን በተመለከተ አብዛኛው ነገር ለጸሐፊው ኅሊና የተተወ ነው ማለት ይቻላል።

ገናዥ ያየውን

አያቴ ገናዥ ነበረች። በሰፈር ሴት ስትሞት የምትጠራው እሷ ናት። አጥባ፣ ገንዛ፣ አስተካክላ ትወጣለች። ልጅ ሆኜ ምን እንዳየች ስጠይቃት «ሰው» ትለኝ ነበር። ሌላ ቃል አይወጣትም። የቴሌግራሙን ታሪክ በነገርኳት ጊዜ አልተቆጣችኝም። «ሰው ሞቶ እጅህ ላይ ሲወድቅ አደራ ነው» ብቻ አለችኝ። በሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ዘንድ ጀናዛ የሚያጥብ ሰው ያየውን ነውር መሸፈን እንዳለበት ነው የሚታወቀው። ይህን ለሁለታችንም ያስተማረን የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት አይደለም።

የአያቴን ነገር ያነሳሁት ያለምክንያት አይደለም። ከ150 ዓመት በላይ በፊት አንድ ሟች በገናዥ እጅ ወድቆ ነበር።

ዶክተር ጄምስ ባሪ የእንግሊዝ ጦር ሐኪም ነበሩ። በጦሩ የሕክምና ክፍል እስከ ከፍተኛ እርከን ድረስ ወጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ1826 ኬፕታውን ላይ በቀዶ ሕክምና ሲያዋልዱ እናትም ልጅም ተርፈዋል፤ በዚያ ዘመን ይህ ብርቅ ነበር። ልጁ በእሳቸው ስም ተጠራ፤ ስሙም ወርዶ ወርዶ ኋላ የደቡብ አፍሪካ ጠቅላይ ሚኒስትር ለሆኑት ለጄምስ ባሪ መኒክ ኸርትዞግ ደርሷል።

ባሪ እ.ኤ.አ. በጁላይ 1865 ለንደን ውስጥ አረፉ። ሬሳቸው እንዳይመረመር አስቀድመው አሳስበው እንደነበር ይነገራል። የገነዘቻቸው ሴት ግን አካላቸው የሴት ነው ብላ ተናገረች። ዝም ለማለትም ገንዘብ ፈለገች። የሞት ማስረጃቸውን የፈረሙት ሐኪም ጉዳዩን ሲጠየቁ፣ ባሪ ወንድም ይሁኑ ሴት የእኔ ጉዳይ አይደለም የሚል መልስ ሰጡ። ሐኪሙ ዝም ቢሉም ወሬው ብዙም ሳይቆይ ጋዜጣ ላይ ወጣ። እስከ ዛሬም ባሪ ሲነሱ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ያቺን እናትና ያንን ሕፃን ማትረፋቸውን አይደለም።

በአሜሪካም ቢሊ ቲፕተን የሚባል የጃዝ ሙዚቀኛ ነበር። ፒያኖ ይጫወታል፣ ሳክስፎን ይነፋል። አብዛኛውን ዕድሜውን በወንድነት ኖሮ ሦስት ልጆች በማደጎ አሳድጓል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1989 ስፖኬን በምትባል ከተማ በ74 ዓመቱ ሲሞት ነው አካሉ የሴት እንደሆነ የታወቀው። ልጆቹ ራሳቸው የሰሙት ያኔ ነው። ብዙም ሳይቆይ ዓለም ሁሉ ሰማው። አባታቸውን ገና አልቅሰው ሳይጨርሱ ስለ አባታቸው ገላ ጥያቄ መመለስ ጀመሩ።

መደበቅም ስህተት ሲሆን

«እንግዲያው ስለ ሟች ጾታ ማንነት በጭራሽ አይጻፍ ማለት ነው?» የሚል ይኖራል። አይደለም። የዚህኛው ታሪክ ተቃራኒም አለ።

ክርስቶፈር ሊ በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ የሚታወቅ ፊልም ሠሪ ነበር። ትራንስጀንደር መሆኑን አልደበቀም፤ ሥራውም ስለዚያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ሲሞት ግን የሞት ማስረጃው ላይ «ሴት» ተብሎ ተጻፈ። ወዳጆቹ ዝም አላሉም። እ.ኤ.አ. በ2014 የካሊፎርኒያ ግዛት ከሞት በኋላ መከበርን የሚመለከት ሕግ አወጣች፤ ሕጉ በቀጣዩ ዓመት ሥራ ላይ ዋለ። የሞት ማስረጃ ሲጻፍ ሟቹ በሕይወት ሳለ የኖረበት ማንነት እንዲመዘገብ የሚያዝ ነው።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ዶክተር ቪ በሩን ዘግተው ኖሩ፤ ጋዜጠኛው ገንጥሎ ገባ። ክርስቶፈር ሊ በሩን ከፍቶ ኖረ፤ መዝገብ ጸሐፊው መጥቶ ዘጋበት። ሁለቱም ስህተት ናቸው፤ ስህተታቸውም አንድ ነው። የሟቹን ውሳኔ ሌላ ሰው ሻረው።

ለእኔ መለኪያው ይሄ ነው። ሟቹ በሕይወት ሳለ በሩን እስከ የት ከፍቶት ነበር? እዚያ ድረስ እንግባ። ከዚያ ማለፍ ካስፈለገ በጣም ከባድ ምክንያት ይኑረን፤ የሌላ ሰው ሕይወት ወይም የሕዝብ ሀብት ላይ የደረሰ ጉዳት ዓይነት። «ያስገርማል» ምክንያት አይደለም። ለታሪክ ተመራማሪም ቢሆን ከመቶ ዓመት በኋላ መጻፍና በለቅሶው ሳምንት መጻፍ አንድ አይደለም።

እሳቸው

እስካሁን ልብ ያላችሁት እንደሆነ አላውቅም፤ ስለ ዶክተር ቪ ስጽፍ «እሳቸው» እያልኩ ነው የመጣሁት። ስለ ባሪም እንደዚያው። እንግሊዝኛ የሚጽፍ ጋዜጠኛ ገና በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሴት ወይም ወንድ ብሎ መምረጥ አለበት። ሃናንም የወደቀው እዚያው ምርጫ ላይ ነው። የእኛ አንቱታ ግን ጾታ የለውም። «አረፉ» ስንል ወንድ ይሁን ሴት ቃሉ ራሱ አይናገርም።

ቋንቋችን ይህን ያበጀው ለዚህ ጉዳይ ብሎ አይደለም፤ ለማክበር ነው። ግን አስቡት። ሰውን ስናከብር ዝርዝሩን እንተወዋለን። ትልቅ ሰው ሲያልፍ ከመቀመጫችን እንነሳለን እንጂ ልብሱን ገልጠን አናይም።

ስልኩ የኛ እጅ ነው

ዛሬ አንድ ሰው ሲሞት ዜናውን ቀድሞ የሚያወጣው ጋዜጣ አይደለም። እኛ ነን። ቲክቶክ ላይ ቀጥታ እንገባለን፤ ቴሌግራም ላይ እንለጥፋለን፤ ኮሜንት ላይ «እኔ የማውቀው አለ» እንላለን። የግራንትላንድን ጽሑፍ ከ13 ሰው በላይ አንብቦት አልፏል። የኛን ፖስት ግን ከኛ በቀር ማንም አያነበውም። ስለዚህ አሁን አንድ ነገር ሲደርሰኝ አራት ጥያቄዎች እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ ሟቹ ይህን ነገር በሕይወት ሳለ ለማን ነገረ? ለሐኪሙ ወይም ለሚስቱ ብቻ ከሆነ ለእኔ አልነገረም።

ሁለተኛ፣ ይህን መረጃ ባወጣው ዜናው ይፈርሳል? የዶክተር ቪ ዜና አይፈርስም ነበር። የትምህርት ማስረጃው ብቻውን ይበቃው ነበር።

ሦስተኛ፣ መረጃውን የላከልኝ ማን ነው? ምን ፈልጎ? ያንን ወረቀት የላከልኝን ሰው ይህን አልጠየቅኩትም። እስከ ዛሬ ማን እንደሆነ፣ ከቤተሰቡ ጋር ምን እንደነበረው አላውቅም። የሱን ጠብ እኔ ጨረስኩለት ማለት ነው።

አራተኛ፣ ቤተሰቡ ይህን የሚሰማው ከእኔ ስልክ ነው ወይ? መርዶ እንኳ በአገራችን ሥርዓት አለው። ሽማግሌ ተመርጦ፣ በማለዳ ተሄዶ፣ ሰው ተከቦ ነው የሚነገረው። መርዶን እንዲህ የምንጠነቀቅለት ሰዎች ከመርዶ የባሰውን በኖቲፊኬሽን እንልካለን።

አራቱም ጥያቄ አንድ ደቂቃ አይፈጁም። አንዳንዴ ዜናው ይቀድመኛል፤ ሌላ ቻናል ያወጣዋል፤ እይታው ለሱ ይሆናል። ይሁን።

ለዚያች ልጅ ደውዬላት ነበር። ይቅርታ ጠየቅኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «አባቴ ሃያ ዓመት ሙሉ ለእኛ እንኳ አልነገረንም። ሊነግረን የፈለገው ቀን ነበር ይሆናል። አሁን አላውቅም» አለችኝና ስልኩን ዘጋችው። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችኝም። እኔም እንድትለኝ አልጠበቅኩም።

ፖስቱ ከእኔ ቻናል ከጠፋ ሦስት ዓመት ሆነው። ባለፈው ወር ሌላ ግሩፕ ውስጥ አየሁት። የቻናሌ ስም አሁንም ከታች አለበት።